የሽቦ ወገብ

ልብስ ሰፊው በሙያው አንድ ደንብ ነበረው፤ የደንበኛውን ወገብ ለክቶ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አይናገርም። ደንቡን ያስተማረው የለም። የራሱን ሱቅ በከፈተ ሰሞን አንድ ሥጋ ሻጭ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ መጣና፣ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ወገቡ ላይ አዙሮ ቁጥሩን እንደ ዋዛ ሲጠራው፣ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ሥጋ ሻጩ ጨርቁን ጠቅልሎ በብብቱ ወሸቀና ወጣ፤ ዳግመኛም በዚያ ደጃፍ አላለፈም። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊው የለካውን በሆዱ ይይዛል፤ ደንበኛው ጀርባውን ሲያዞር ጨርቁ ጥግ ላይ በጠመኔ ይጭራታል፤ አበቃ። ሰዎቹ ይህን ጨዋነቱን ወደዱለት። እሱ ዘንድ ሲለኩ ገበናቸው እንደማይወጣ ያውቃሉ።

ዕድሜ ልኩን ሲያብሰለስለው የሚኖረው ጥፋት የተፀነሰው በዚሁ ጨዋነት ውስጥ ነው። ሰው በክፋቱ ሲያጠፋ ቢያንስ ልቡ ቀድሞ ይነግረዋል፤ በደግነቱ ሲያጠፋ ግን ምን ብሎ ራሱን ይጠርጥር? እጁ እየሠራ፣ ህሊናው እያመሰገነው፣ ጉዳቱ ከሥር ከሥር ይሄዳል።

ታላቅ ወንድሙ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አባታቸው ሲሞት ታላቅየው ትምህርቱን አቋርጦ በመጀመሪያ ረዳት፣ ኋላም ሹፌር ሆነ፤ ታናሹን አሳድጎ ሙያ ያስያዘው እሱ ነው። ልብስ ሰፊው "ጋሼ" ብሎ ሲጠራው ለወጉ ያህል አይደለም፤ በቃሉ ውስጥ አባትም እናትም አሉበት።

ሹፌሮቹ ደግሞ ሽቦ ይሉታል። በጎረምሳነቱ ረጅምና ቀጭን ነበር፤ ክንዱም፣ ቅልጥሙም፣ አንገቱም የቀጭን ቀጭን። ብዙ ነገር የቀረበት ሰው በአንዲት ነገር ይኮራል፤ እሱም በወገቡ ይኮራ ነበር። ሥራ ጨርሰው አውቶቡስ ማቆሚያው ግቢ ሲሰበሰቡ ሆዳቸው የገፋ ባልደረቦቹን አንድ በአንድ ይነካካል። በተለይ አብሮት የሚሠራውን ወፍራም ቲኬት ቆራጭ ጨርሶ አያስቀምጠውም። "አንተ በወረድህ ቁጥር ነዳጅ ይተርፈኛል" ይለዋል። ቲኬት ቆራጩም፣ ቆይ፣ አንድ ቀን መሪው ሆድህን ሲነካህ እንተያያለን እያለ ይዝታል። ሽቦ ይስቃል። ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ወገቡን ያሳያል፤ ወንድሜ የሰፋው ሱሪ ቀበቶ አይፈልግም፣ እንዲሁ ወገቤ ላይ ይቀመጣል፣ ከጋብቻዬ ጀምሮ ጣት አልጨመርኩም ይላል።

ሱሪው በእርግጥ ወገቡ ላይ ይቀመጥ ነበር። ለምን እንደሚቀመጥ የሚያውቀው ግን አንድ ሰው ነው።

ታላቅየው በየሳምንቱ የሥራ ልብሱን ለማስተኮስ ወደ ወንድሙ ሱቅ ያመጣል። የልብስ ሰፊ ዓይን ደግሞ ከሰው ፊት ይልቅ ልብሱን ማንበብ ይቀናዋል። አንድ ሰሞን ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ካውያውን ሊያነሳ ሲል የቁልፉ ክር ተጎትቶ መላላቱን፣ የቁልፉ ቀዳዳም አፉን ከፍቶ መለጠጡን አየ። ከዚፑ ግራና ቀኝ ጨርቁ በአግድም ተጨማዷል። ይህን ማንም ሊተረጉምለት አያስፈልግም፤ ጋሼ ሆድ አውጥቷል።

ሊነግረው አሰበ። ወዲያው ያ ሥጋ ሻጭ ትዝ አለው። ጋሼ በግቢው መሐል ሸሚዙን ገልጦ ሲኮራም ታየው። እኔ ነኝ ደግሞ የማሳፍረው አለ በልቡ። ሱሪውን ገለበጠ፣ የኋላውን ስፌት ተረተረ፣ ከውስጥ ከተወው ትርፍ ጨርቅ ግማሽ ጣት ያህል ለቀቀለት፣ መልሶ ሰፋው፣ ተኮሰው። ጋሼ በማግሥቱ ለብሶት እየተንጎራደደ፣ ያንተ ካውያ ምን አለበት፣ ልብሱ ሁሉ ፍታታ ይልልኛል አለ። ልብስ ሰፊው ክር በጥርሱ ይዞ ስለነበር አልመለሰለትም። በሆዱ ግን ደስ አለው። ላሳደገው ሰው ክብሩን የጠበቀለት መሰለው።

እንዲህ ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ መቆሚያ አጣ። ትርፉ ጨርቅ ሲያልቅ፣ አዲስ የሥራ ልብስ ጨርቅ የሚታደልበት ጊዜ ይደርሳል። ጋሼ ቆሞ መለካት የተወው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀለውን፣ በጎረምሳነቱ የተቆረጠውን የወረቀት ቅድ በአገጩ እየጠቆመ፣ ልኬ እዚያ አለልህ ብሎ ይሄዳል። ልብስ ሰፊውም ወረቀቱን ጨርቁ ላይ ዘርግቶ በዓይኑ እየገመተ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጣ ብሎ ይቆርጣል። ወረቀቱ እንደ ጎረመሰ ቀረ፤ ጨርቁ ብቻ አረጀ፣ ሰፋ። ኮቱን ደግሞ ከደረቱ በታች ዘርፈፍ ብሎ እንዲወርድ፣ የገፋውን እንዲሸፍን አድርጎ ሰፋው። እንዲያውም እየቆየ ተጠበበበት። ስፌቱ እንዳይታወቅ፣ ገበሩ እንዳይጎረብጥ ሲጨነቅ፣ የሚደብቀው ነገር ምን እንደሆነ ራሱም ረሳው። የባለሙያ ክፉ ልማድ ይህ ነው፤ ሥራው ሲያምርለት ሥራው ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይተዋል።

ጋሼም ቀን ሙሉ ከወንበሩ ሳይነሳ ይነዳል፤ ማታ ደክሞት ይገባል፤ የቀረበለትን ጠርጎ ይበላል፤ ቀጭን ሰው ምን ይሆናል እያለ ይደግማል። ፊቱ አልሞላም፤ እጆቹ መሪው ላይ ሲታዩ ያው የድሮዎቹ ናቸው። ሰውም ከፊቱና ከእጁ አልፎ አያየውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሲሄድ፣ ጋሼ ደረቱ ላይ አንድ ሰው ጉልበቱን የጫነበት መሰለው። ግራ ክንዱ ከበደው። መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመ፣ በሮቹን ከፈተ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ተሳፋሪዎቹ ምን ሆነ፣ ሥራ ረፈደብን እያሉ አጉረመረሙ። ቲኬት ቆራጩ፣ ሽቦ ተጣመምክ እንዴ እያለ ከኋላ መጣ፤ ያንገቱን ላብ ሲያይ ግን ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ። ወደ ሆስፒታል የወሰደው እሱ ነው፤ ለልብስ ሰፊው የደወለውም እሱ።

ልብስ ሰፊው የአንዲት ሴት ቀሚስ ስፌት መኪናው ላይ እንደተወ፣ ሜትሩን ካንገቱ ሳያወልቅ ደረሰ። ጋሼ በመጋረጃ በተከለለ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎበታል፤ በራስጌው ያለው መሣሪያ የልቡን ምት እያሰመረ ያሳያል። ሚስቱ በእግሩ በኩል ቆማለች፤ ቲኬት ቆራጩ ግድግዳ ተደግፏል። ወጣቷ ሐኪም በማይጣደፍ ድምፅ አስረዳቻቸው፤ ደም ወደ ልቡ የሚወስድ አንድ ቧንቧ ተዘግቶ ነበር፣ በመድኃኒት ተከፍቷል፣ ከልቡ ጡንቻ ግን የተጎዳ ክፍል አለ፤ የደም ግፊትና ስኳርም ተገኝቶበታል። ከዚያ ከጋዋኗ ኪስ ሜትር አወጣችና ወገቡን ልትለካው ጎንበስ አለች።

ጋሼ አንሶላውን ወደ ላይ ሳበ። "ልጄ፣ አትድከሚ" አላት። "ወገቤን የሚያውቅ እዚህ ቆሞልሻል። ወንድሜ ነው፣ ልብስ ሰፊ ነው። ንገራት እስቲ።"

ሁሉም ዞረው አዩት። በልብስ ሰፊው አፍ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ነበሩ። አንደኛው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ዓይኑ በየጊዜው ሲገምተው የኖረው። ጋሼ ትራስ ላይ ተደግፎ፣ ከንፈሩ ገና እንደ ገረጣ፣ እንደ ልጅ አምኖ ይጠብቀዋል። ቲኬት ቆራጩም አለ። 

"ሰባ ስምንት" አለ።

ሐኪሟ ከአንሶላው ሥር ጉብ ያለውን አየች፤ እሱንም አየች።  ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና፣ ለዛሬ ይረፉ አለች። ጋሼ ቲኬት ቆራጩን በዓይኑ ጠቀሰው።

ከመጋረጃው ሲወጣ ሐኪሟ መተላለፊያው ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሰባ ስምንትን ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው። የድሮ ነው አላት። የድሮ መሆኑንማ አይቻለሁ አለችና አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይቀለው ነበር። ሰው ስብን ጓዳ ውስጥ እንደተከመረ ዕቃ ያየዋል፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስለዋል፣ ነገር ግን አይደለም አለችው። ስብ እንደ ዕጢ ይሠራል፤ ሆርሞን ያመነጫል፣ በደም ውስጥ መልእክት ይልካል። ሌፕቲን የሚባለው ወደ አንጎል ሄዶ፣ ጠግቤያለሁ፣ ይብቃኝ ይላል። ስቡ ሲበዛ መልእክቱም ይበዛል፤ አንጎል ግን እየደጋገመ ሲሰማው ይለምደዋል፣ ጆሮውን ይደፍናል። ሰውየው ጎተራው ሞልቶ እያለ የራበው ይመስለዋል። አዲፖኔክቲን የሚባል ሌላ ደግሞ አለ፤ እሱ የደም ሥሮችን ግድግዳ ይጠብቃል፣ ኢንሱሊን ስኳሩን ወደ ቦታው እንዲያስገባ ያግዛል። የሚገርመው፣ ስብ ሲጨምር እሱ ይቀንሳል። ጠላቱ ሲበዛ ዘበኛው ሥራ እንደሚለቅ ያለ ነው። በዚህ ላይ ያ ስብ የሚረጫቸው ሌሎች ነገሮች ሰውነትን ከውስጥ ያስቆጡታል፣ የደም ሥሩ ግድግዳ ይቆስላል፣ ቁስሉ ላይ ስብ ይጋገርበታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል።

"ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሆድ ውስጥ ገብቶ ጉበትና አንጀት ዙሪያ የሚቀመጠው ነው" አለችው። "ክንድና እግራቸው ቀጭን መሆኑ ሁላችሁንም አታልሏችኋል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ይህን ያህል ሆድ ባንድ ጀንበር አይመጣም። ለሰው መጀመሪያ የሚነግረው እኮ ሱሪው ነው። ሱሪያቸው አልነገራቸውም?"

ልብስ ሰፊው ካንገቱ የተንጠለጠለውን ሜትር በእጁ ጨበጠ። ሐኪሟ መልስ አልጠበቀችም፤ ለሌላ በሽተኛ ተጠርታ ሄደች።

እሱ ግን ከዚያ አግዳሚ ወንበር ለረጅም ጊዜ አልተነሳም። በወንድሙ ገላ ውስጥ ይጮህ የነበረ መልእክተኛ ታየው፤ ሰሚ አጥቶ ይብቃኝ፣ ይብቃኝ ሲል። የውስጡን መልእክተኛ ያፈነው በሽታው ነው፤ ለዚያ ማንም አይጠየቅም። ከውጭ ግን አንድ መልእክተኛ ቀርቶ ነበር። በየማለዳው ቁልፉን ሲቆልፍ ወገቡን ይዞ፣ ሰፍተሃል የሚለው ጨርቅ። ያንን አፉን የዘጋው እሱ ነው። በመርፌ፣ በክር፣ በፍቅር ዘጋው። ዛሬ ደግሞ ተጠይቆ ዋሸ። የቀድሞውን ሁሉ አለማወቅ ነው ብሎ ሊያሳብብ ይችል ይሆናል፤ ሰባ ስምንት ያለበትን አፉን ግን የት ይደብቀዋል?

ጋሼ ከሆስፒታል ሲወጣ የመድኃኒት ከረጢት ይዞ ወጣ፤ ከረጢቱም እንደታሰረ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠ። መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ኋላም አፉን ሞልቶ መናገር ጀመረ። ጨጓራዬ ነው የነበረው፣ ሐኪሞቹ ልብ አደረጉት አለ። ሐኪሟ ሆድ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚሆነው አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ሆድ የለኝም፣ ከሌላ ሰው ወረቀት ጋር አምታትታኝ ይሆናል አለ። ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ ሱሪውን ያሳያል፤ ሰባ ስምንት ሲባል በጆሮዋ ሰምታለች ይላል። እንደ ድሮው መብላቱን ቀጠለ። ሰኞ ወደ መሪው እመለሳለሁ ብሎ ቆረጠ፤ ቢለምኑትም ቢቆጡትም የሚሰማ አልሆነም።

ሚስቱ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ መጣች። ከእሱ በዕድሜ ትበልጣለች፤ እትዬ ነው የሚላት። ደንበኛ እስኪወጣ ቁጭ ብላ ጠበቀችና፣ በሩን ገርበብ አድርግልኝ አለችው።

"ሐኪሟን አያምናትም" አለች። "እኔንም አያምነኝም። የሚያምነው ሱሪውን ነው።"

ልብስ ሰፊው አቀርቅሮ መቀሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

"ልብሱን የማጥበው እኔ ነኝ" አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ስፌቱ ሲሸሽ አየሁ። አንድ ጊዜ አየሁ፣ ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ወንድማማቾቹ የተነጋገሩት ነገር አለ ብዬ ዝም አልኩ። አልተነጋገራችሁም፣ አይደል?"

"አልተነጋገርንም፣ እትዬ።"

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እሷም አልፈረደችበትም። ለሰኞ የሚለብሰውን ልብስ አጥቤ ሰቅዬለታለሁ አለች፤ ከዚያ ሄደች። ልብስ ሰፊው የዚያን ዕለት ሌላ ነገር አልሰፋም። መኪናው ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን መርገጫው ላይ እንዳሳረፈ አመሸ። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር አይተው ሁለቱም በየበኩላቸው ደግ ለመሆን ዝም ሲሉ፣ ሦስተኛው በመሐላቸው እንዴት እንደሚሞት ታየው። ዝም ካለ ጋሼን በሞት ሊያጣው ይችላል፤ ከነገረውም በሌላ መንገድ ሊያጣው ይችላል። ሁለቱን ማጣቶች ሲመዝን፣ አንደኛው የወንድሙን ዕድሜ የሚያጠፋ፣ ሁለተኛው የእሱን ስም የሚያጠፋ መሆኑን አወቀ። ይህን እያወቀ እንኳ መመዘኑ አሳፈረው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ወደ ጋሼ ቤት ሄደ። ጋሼ ሳሎን ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል፤ የመስኮቱ መጋረጃ ዘንግ ላይ የነገው ሱሪና ኮት በማንጠልጠያ ተሰቅለዋል። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ልብስ ሰፊው ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ሱሪውን አወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ዘረጋው፣ ከኪሱ ትንሿን መቀስ አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለ ጋሼ።

"ላሳይህ ነው።"

"ልብሴን ልትቆራርጥ? ነገ እኮ ሥራ ነኝ።"

ልብስ ሰፊው የኋላውን ስፌት ከወገቡ ጀምሮ ክር በክር ተረተረው። ጨርቁ በሁለት በኩል ተከፈተ። ጋሼ መነጽሩን ፈልጎ አደረገና ተጠጋ። ፀሐይና ሳሙና ያነጣው የውጭው ጨርቅ ግራጫ ሆኗል። ከእሱ ቀጥሎ ባለው ቀጭን መስመር ላይ ሰማያዊው ትንሽ ይጠነክራል፤ ከዚያ ቀጥሎ ደግሞ ይበልጥ። ጫፉ ላይ ያለው ከሱቅ ዛሬ የወጣ ይመስላል፣ ድፍን ሰማያዊ ነው። በመስመሮቹ መሐል የድሮ መርፌ የበሳቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እንደ ጉንዳን መንገድ ተሰልፈዋል።

"ይኼ መጀመሪያ የተሰፋበት ነው" አለ ልብስ ሰፊው፣ በጣቱ እየነካ። "ጠበበህ፣ ለቀቅሁት። ይኼ ሁለተኛው ነው። ይኼም ጠበበህ፣ ለቀቅሁት። ይኼ ሦስተኛው ነው። ከዚህ ሱሪ በፊት የነበረውም እንዲሁ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውም። ካውያው ምንም የለበትም፣ ጋሼ። እኔ ነኝ።"

ጋሼ ጣቱን በቀዳዳዎቹ ላይ አስኬደ። ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ንዴት አልነበረም፤ በሰው ፊት ራቁቱን እንደቆመ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

"ትስቁብኝ ነበር?" አለ።

"ማንም አልሳቀም። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።" እትዬን አላነሳም፤ ያን ብቻ ለራሱ አስቀረ።

"እዚያ ሐኪሟ ስትጠይቅህስ? ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጥፎ፣ ሞቼ ነቅቼ፣ ንገራት ስልህ?"

"እየሰማኸኝ ስለነበር ነው። እንዳታፍር ብዬ።"

"እንዳላፍር" አለ ጋሼ፣ ቃሉን እንደማያውቀው ቃል እያላመጠ። "ለእኔ አዝነህ ነው ወይስ ለራስህ? እኔ ባፍር አንተ ምን ትሆናለህ ብለህ ነው?"

 ጥያቄው ገና ዛሬም መልስ አላገኘም። ጋሼ ተነሳ፣ ሸሚዙን ወደ ላይ ሰበሰበ፣ ለካኝ አለው። ልብስ ሰፊው ሜትሩን እምብርቱ ላይ አዞረው፤ ጫፉ ሁለቴ አመለጠው። አይቶ፣ እንደ ልማዱ ዝም አለ።

"ጮክ በል።"

"መቶ አራት።"

ሚስቱ ከወጥ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጋሼ አያት፣ መልሶ ወንድሙን አየ።

"ድገመው።"

"መቶ አራት ነው፣ ጋሼ።"

ጋሼ ሸሚዙን ለቀቀ። በመስኮቱ በኩል ወደ መንገዱ አየ። አንድ አውቶቡስ አለፈ፤ በዓይኑ ተከተለው። "ነገ ሰው ሞልቼ ልወጣ ነበር" አለ በመጨረሻ፣ ለማንም እንዳልሆነ። "ድልድዩ ላይ ቢይዘኝስ? ቁልቁለቱ ላይ ቢይዘኝስ?" ከዚያ ሚስቱን፣ ያንን ከረጢት አምጪልኝ፣ ውሃም አምጪ አላት። ታናሹን ደግሞ፣ አሁን ሂድ አለው። ልብስ ሰፊው መቀሱን አንስቶ ወጣ። የተተረተረው ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ጋሼ ሰኞ ወደ መሪው አልተመለሰም። አለቆቹ ግቢው ውስጥ አውቶቡሶቹን የሚያሰማራ ሠራተኛ አደረጉት፤ ቲኬት ቆራጩ፣ አሁንማ ባለ ቢሮ ሆነህ ጨርሶ ልትወፍር ነው እያለ ያሾፍበታል፤ እሱም ችሎ ያዳምጣል። መድኃኒቱን ይውጣል። ከሳህኑ ቀነሰ። አመሻሹ ላይ ከሥራ በእግሩ ይመለሳል። ልብስ ማሰፋት ሲፈልግ ግን ከወንድሙ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ልብስ ሰፊ መሄድ ጀመረ። ያ ሰውዬ ድምፁ ጉልህ ነው፤ ሲለካ ቁጥሩን እንደ ጨረታ ይጠራዋል፤ መንገደኛ ሁሉ ይሰማል። ልብስ ሰፊው በመስታወቱ በኩል ወንድሙ እጆቹን ዘርግቶ ሲለካ ያያል፤ አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ቁጥሩን ግን ከስፌት መኪናው ድምፅ የተነሳ አይሰማም። ያንን ወገብ ከሰው ሁሉ በፊት ያውቅ የነበረ ሰው፣ አሁን ከሰው ሁሉ በኋላ እንኳ አያውቀውም። ቅጣቱ ተገቢ እንደሆነ አምኗል። ሊጠይቀው ቤቱ ይሄዳል፤ ጋሼ በትሕትና ይቀበለዋል፣ ስለ ዝናቡ ያወራዋል፣ እስከ በር ይሸኘዋል። ወንድም ወንድሙን እስከ በር ሲሸኝ እንደ እንግዳ መቁጠሩ ነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

አንድ ጊዜ ለብቻው ወደ ሐኪሟ ሄዶ ጠየቃት። የጋሼ ሆድ ሲቀንስ ያ የተጎዳው የልቡ ክፍል ይመለሳል? አለ። መልእክቱ እየተስተካከለ ይሄዳል፣ ስኳሩም ግፊቱም ይረግባል፣ የቀረው ልብ ብዙ ዓመት ሊያገለግላቸው ይችላል አለችው። የሞተው ጡንቻ ግን አይመለስም። ልብስ ሰፊው አመስግኖ ወጣ። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ ይጣፍ ነበር እያለ መንገዱን ሁሉ ሄደ።

አንድ አመሻሽ ላይ ጋሼ በመንገዱ ማዶ ሲያልፍ አየውና፣ ሳያስበው ሱቁን ዘግቶ ተከተለው። ደረሰበት፤ አጠገቡ መራመድ ጀመረ። ጋሼ ምነው አላለውም፣ ተመለስም አላለውም። ሱቆቹን አልፈው፣ የነዳጅ ማደያውን አልፈው ዳገቱን ያዙ። ጋሼ ጋዜጣ በብብቱ እንደያዘ፣ ቀስ እያለ፣ ሳያቋርጥ ይወጣል። ግማሽ ሳይደርሱ የልብስ ሰፊው ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ።

ጋሼ ቆመ። ታናሹን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ፊቱን አየ፣ እጆቹን አየ፣ ከዚያ ዓይኑ መሐሉ ላይ አረፈ።

"አንተን ማን ነው የሚሰፋልህ?"

"እኔው ነኛ።"

"የሚለካህስ?"

ልብስ ሰፊው ሊመልስ ፈለገና አሰበ። ራሱን ለክቶ አያውቅም። ሲጠበው ይለቀዋል፤ እጁ ሳይነገረው ያውቃል። ጋሼ የኮቱን ጫፍ ከኋላ አነሳ፣ የሱሪውን ወገብ በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ውጭ ገለበጠው። እዚያው መንገዱ ላይ፣ ሰው በአጠገባቸው እያለፈ፣ ጎንበስ ብሎ መረመረው። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም፤ ዓይኑ ውስጥ ግን ፍርሃት ነበር። ልብስ ሰፊው ያን ፍርሃት ያውቀዋል፤ በዚያ መተላለፊያ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እሱ ራሱ የተሸከመው ነው።

"ነገ ሐኪሟ ጋ እወስድሃለሁ" አለ ጋሼ። "እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። አንዲት ቃል ብትዋሽ እዚያው ነው የማዋርድህ።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

"ና ቀስ እያልን እንውጣ።"

ክንዱን ያዘው፤ ልጅ ሳለ መንገድ ሲያሻግረው እንደሚይዘው ከክርኑ በላይ። ልብስ ሰፊው ይህ ይቅርታ ይሁን አይሁን ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ትንፋሹ ግን ለዳገቱ ብቻ እንጂ ለጥያቄው አልበቃ አለው፤ ከጋሼ እኩል እየተራመደ ወጣ።